የኢ-ሪደር ስክሪን ከመግዛታችሁ በፊት እንዴት ታወዳድራላችሁ? በአማርኛ ገጽ የሚደረግ ፍተሻ፣ ደረጃ በደረጃ

ኢ-ሪደር (መጽሐፍ የሚነበብበት የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ስክሪን ይሻላል?» ብሎ ነው። መልሱን የሚፈልገው ደግሞ ቪዲዮ ላይ ነው፣ ወይም ሻጩ በቴሌግራም በላከለት ፎቶ ላይ። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ካሜራ ብርሃንና ቀለምን በራሱ ያስተካክላል፤ ግራጫውን ስክሪን ነጭ፣ ቢጫ ያለውን ንጹህ አድርጎ ያሳያችኋል። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ጽሑፍም ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። በላቲን ፊደል ቁልጭ ብሎ የሚነበብ ስክሪን በእኛ ፊደል ሲሞከር ሊያሳፍር ይችላል።

ስለዚህ ስክሪን የሚወዳደረው በእጅ ተይዞ፣ በአንድ ገጽ፣ በአንድ የፊደል መጠን፣ በአንድ ብርሃን ነው። ከነዚህ አንዱ ከተለያየ ያወዳደራችሁት ስክሪኑን አይደለም። ሁለት መሣሪያ ባይኖራችሁም ችግር የለም፤ አንዱን ከነጭ ወረቀት ጋር እያስተያያችሁ ሁሉንም ደረጃ መሥራት ትችላላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

ወርድ ወይም ሊብሬኦፊስ ያለው ኮምፒውተር፣ ዳታ የሚያስተላልፍ ዩኤስቢ ኬብል (ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብል አይሠራም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቆመው)፣ ማስመሪያ፣ አንድ ነጭ የማተሚያ ወረቀት፣ ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ። ቦታው ደግሞ ቀን ብርሃን የሚገባበት መስኮት ያለው፣ በኋላ የሚጨልም ክፍል ይሁን። የቆዩት ኪንድሎች (የአማዞን ኢ-ሪደሮች) ማይክሮ ዩኤስቢ፣ አዲሶቹ ታይፕ ሲ ስለሆኑ ሁለቱንም ያዙ።

ደረጃ 1፦ ሞዴሉን በትክክል ለዩ

«ፔፐርዋይት ነው» (ከኪንድል ሞዴሎች አንዱ) መባል ምንም አይነግራችሁም። ዓመቱን ጠይቁ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የ2012 እና የ2013 ፔፐርዋይት በአንድ ኢንች 212 ፒክስል (ምስሉ የሚሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች፤ ሲበዙ ፊደሉ ይጠራል) ነው ያለው። ከ2015 ጀምሮ 300 ሆነ። የ2018ቱም 6 ኢንችና 300 ነው። የ2021ዱ 6.8 ኢንች ሲሆን 17 የብርሃን ኤልኢዲና ወደ ቢጫ የሚሞቅ ብርሃን አለው። የ2024ቱ 7 ኢንች ነው። ተራው ኪንድል ደግሞ በ2019 ገና 167 ነበር፤ 300 የገባው በ2022 ነው። ኮቦ የሚባሉት ኢ-ሪደሮች ዘንድም እንደዚሁ ነው፦ በ2020 የወጣው ኒያ 212 ሲሆን በ2018 የወጣው ክላራ ኤችዲ 300 ነው። አዲስ ስለሆነ ብቻ አይበልጥም።

ሻጩ ዓመቱን ካላወቀ ወይም ካልተማመናችሁ ስክሪንሾት አንሱ። ንክኪ ባላቸው ኪንድሎች ላይ ሁለት ተቃራኒ ማዕዘኖችን አንድ ላይ ንኩ። ኮቦ ላይ ስክሪንሾት መጀመሪያ ሰቲንግ ውስጥ መከፈት አለበት። ከዚያ መሣሪያውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኙና የምስሉን ስፋትና ቁመት እዩ፦

- 600 በ800 ከሆነ፣ በ6 ኢንች ላይ 167 ነው።
- 758 በ1024 ከሆነ፣ 212 ነው።
- 1072 በ1448 ከሆነ፣ 300 ነው።
- 1236 በ1648 ከሆነ፣ 6.8 ኢንች ያለው 300 ነው።

ስክሪንሾቱን የምትጠቀሙበት ለዚህ ብቻ ነው። የምስሉን ቁጥር እንጂ የስክሪኑን ጥቁረት ወይም ብርሃን አያሳይም። ሻጭ ስክሪንሾት ልኮ «ስክሪኑ እንዲህ ነው» ቢላችሁ አትቀበሉ፤ የተሰበረ ስክሪን ያለው መሣሪያም ንጹህ ስክሪንሾት ያወጣል።

ጥንቃቄ። ኢ-ኢንክ የሚባለው የኢ-ሪደር ስክሪን ምስሉን ይዞ ለመቆየት ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ባትሪው የሞተ መሣሪያም ላይ የሚያምር ሥዕል ሊታይ ይችላል። ስለዚህ የተኛ መሣሪያ ላይ የሚታየው ሥዕል መሥራቱን አያረጋግጥም። እፊታችሁ ይብራ፣ ገጽ ይገለጥ። የማይነቃነቅ መስመር ወይም ከቀሪው ጋር የማይቀየር ቁራጭ ቦታ ካያችሁ ከውስጥ ተሰብሯል፤ ዋጋው ምንም ያህል ቢወርድ ተዉት።

ደረጃ 2፦ የአማርኛ መፈተሻ ገጽ ሥሩ

ይሄ ደረጃ ጊዜ ይወስዳል። ግን ቀሪው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፣ አትዝለሉት።

ለምን አማርኛ? በፊደላችን ሣልስና ኃምስን የሚለየው ብዙ ጊዜ ከእግር ሥር ያለች ትንሽ ምልክት ናት። ሊ እና ሌ፣ ቢ እና ቤ፣ ቲ እና ቴ፣ ኒ እና ኔ። አንዱ ጭረት አለው፣ ሌላው ቀለበት። በትንሽ ፊደል ያቺ ቀለበት ግማሽ ሚሊሜትር ትሆናለች እንበል። በ167 ስክሪን ላይ ይሄ ሦስት ፒክስል ገደማ ነው፤ የቀለበቷ ቀዳዳ አንዲት ፒክስል ብቻ ትቀራለች ማለት ነው፣ ትንሽ ከደበዘዘች ተደፍና ጭረት ትመስላለች። በ300 ላይ ስድስት ፒክስል ገደማ ስለምታገኝ ቀዳዳዋ ክፍት ሆኖ ይታያል። የላቲን ፊደል እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነገር ላይ ብዙም አይንጠለጠልም። በእንግሊዝኛ ልዩነቱ «ያን ያህል አይደለም» የሚሉት ሰዎች ውሸት አይደለም የሚናገሩት፤ የሚያነቡት ሌላ ነው።

1. ወርድ ላይ አዲስ ገጽ ክፈቱ። ለ6 ኢንች መሣሪያ የወረቀቱን መጠን 9 በ12 ሴንቲሜትር አድርጉ። ለ6.8 እና ለ7 ኢንች 10.5 በ14 አድርጋችሁ ሌላ ፋይል ሥሩ። ጠርዙ በሁሉም ግማሽ ሴንቲሜትር ይሁን።

2. ፎንቱን አንድ ብቻ ምረጡ። ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮጲክ ወይም አቢሲኒካ ይሆናል፤ ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። በሁሉም ፋይል ውስጥ አንድ ዓይነት ይሁን።

3. አንድ አንቀጽ በ7፣ ያንኑ አንቀጽ በ9፣ ያንኑ በ12 ነጥብ የፊደል መጠን ጻፉ። ከሥሩ እነዚህን በ7 እና በ9 አስገቡ፦ ሊ ሌ፣ ቢ ቤ፣ ቲ ቴ፣ ኒ ኔ፣ ጨ ጬ፣ ሏ ቧ ኋ፣ ጸ ጰ። ሥርዓተ ነጥቡንም አትርሱ፦ ፣ ፤ ፥ ። በደካማ ስክሪን ላይ መጀመሪያ የሚቀላቀሉት እነዚህ ናቸው።

4. ከዚያ በታች ልክ 5 ሴንቲሜትር የሆነ መስመር አስምሩ።

5. በሁለተኛው ገጽ ላይ 16 ሳጥን ጎን ለጎን ደርድሩ፤ ከጥቁር ጀምሮ እስከ ነጭ በእኩል እርምጃ እያነጣችሁ ሙሏቸው። የኢ-ኢንክ ስክሪን የሚያሳየው 16 የግራጫ ደረጃ ነው።

6. ሦስተኛውን ገጽ ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ አራተኛውን ባዶ ነጭ አድርጉ።

7. ፒዲኤፍ አድርጋችሁ አስቀምጡና በኬብል ገልብጡ። ኪንድል ላይ «ዶክዩመንትስ» የሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ኮቦ ላይ በቀጥታ ዋናው ቦታ ላይ።

ካልሄደ

ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ካላየው መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ። ኮቦ ከሆነ ስክሪኑ ላይ «ኮኔክት» የሚለውን መንካታችሁን አረጋግጡ። ማክ የሚጠቀሙ ደግሞ አዳዲሶቹ ኪንድሎች እንደ ፍላሽ በቀጥታ ላይከፈቱላቸው ይችላሉ፤ ዊንዶውስ ያለው ኮምፒውተር መፈለግ ይቀላል።

በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን ከመጣ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ አልገባም። ፋይሉን እንደገና ወደ ፒዲኤፍ ለውጡ። ፋይሉን ወደ መሣሪያው በኢሜይል ወይም በሌላ መላኪያ አትላኩ፣ መንገድ ላይ ወደ ሌላ ዓይነት ሊቀየር ይችላል።

አሁን ማስመሪያውን ስክሪኑ ላይ ሳትጫኑ አስጠግታችሁ መስመሩን ለኩ። 5 ሴንቲሜትር ካልሆነ ፊደሉ ከሌላኛው መሣሪያ ጋር እኩል አይደለም። 4.6 ከመጣ መሣሪያው ገጹን አሳንሶታል፤ ወርድ ላይ የወረቀቱን መጠን ትንሽ ቀንሱና እንደገና ሞክሩ። አንድ ሚሊሜትር ልዩነት ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ ግን አይፈቀድም፣ ምክንያቱም ተለቅ ያለ ፊደል ሁልጊዜ የተሻለ ስክሪን ስለሚመስል።

ደረጃ 3፦ ሁለቱን እኩል አድርጉ

- ስክሪኖቹን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። የጣት ቅባት ጥቁሩን ያደበዝዛል።
- ዳርክ ሞድ አጥፉ። ራሱ ብርሃን የሚያስተካክል ሞዴል ከሆነ ያንንም አጥፉ።
- የብርሃኑን ሙቀት ወደ ዜሮ አውርዱ።
- ፊደል የሚያደምቀው ማስተካከያ ዜሮ ላይ ይሁን። ኪንድል ፒዲኤፍ ሲከፈት የሚሰጠው የኮንትራስት ምርጫም በሁለቱ ላይ መሃል ላይ ይሁን። ይሄን የሚረሳ ሰው በርካታ ነው፤ አንዱ ደምቆ ሌላው ተራ ሆኖ ሳለ «ይሄኛው ጥቁረቱ ይበልጣል» ይባላል።
- ፔጅ ሪፍሬሽ (ገጽ በተገለጠ ቁጥር ስክሪኑን የሚያድሰው) ኪንድል ላይ በሪዲንግ ኦፕሽንስ ውስጥ ይገኛል፤ ክፈቱት። ኮቦ ላይ በየገጹ እንዲያድስ አድርጉ።
- መሣሪያው ከብርድ ከመጣ ክፍል ውስጥ ትንሽ ይቆይ። ኢ-ኢንክ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል፣ ጥላም (የቀድሞውን ገጽ ቅሪት) ያበዛል። ክረምት አውሮፓ ወይም አሜሪካ ውስጥ የምትፈትሹ በተለይ።

ደረጃ 4፦ መጀመሪያ ያለ ብርሃኑ እዩት

የፊት ብርሃኑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ዜሮ ላይ የማይጠፋ ከሆነ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ አድርጉት። መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያርፍበት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን አስተኙ፣ መሃል ላይ ነጩን ወረቀት አስቀምጡ።

አሁን የምታዩት ሁለት ነገር ነው፦ መደቡ ምን ያህል ወደ ወረቀቱ ይጠጋል፣ ፊደሉስ ምን ያህል ይጠቁራል። የትኛውም ኢ-ሪደር ወረቀቱን አያክልም፤ ሁሉም ወደ ግራጫ ያደላል። የምትፈልጉት የትኛው ያነሰ ግራጫ እንደሆነ ነው። ወረቀቱ ከሌለ ዓይናችሁ ግራጫውን ለምዶ ነጭ ነው ብሎ ያሳምናችኋል።

ቦታቸውን አቀያይሩና ደግማችሁ እዩ። ከተቻለ ሌላ ሰው ስማቸውን በወረቀት ይሸፍንላችሁ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ፍረዱ። ውዱን ሞዴል ማድነቅ የሰው ልማድ ስለሆነ ይሄ ትንሽ ነገር ፍርዱን ብዙ ያጠራዋል።

የመሣሪያው መግለጫ ላይ «ካርታ 1200» ወይም «ካርታ 1300» የሚል ታገኙ ይሆናል፤ የኢ-ኢንክ ስክሪን ትውልዶች ናቸው። የ2021ዱ ፔፐርዋይት 1200 ነው፣ በ2024 የወጣው ኮቦ ክላራ ቢደብሊው 1300። ቁጥሩ ይጠቅማል፣ ግን ብቻውን አይፈርድም። ከስክሪኑ ላይ የሚለበጠው ነገርም ይወስናል። ተራው ኪንድል ስክሪኑ ከጠርዙ ዝቅ ያለ ነው፣ ከላዩ ተጨማሪ ሽፋን የለበትም፤ ከ2018 ወዲህ ያሉት ፔፐርዋይቶች ግን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሜዳ ናቸው። ሜዳው ያምራል፣ ለማጽዳትም ይቀላል፣ ነገር ግን የመብራት ነጸብራቅ ይይዛል። ሁለቱንም ከራሳችሁ በላይ ካለው አምፖል ሥር ያዙና ፊታችሁን ወይም አምፖሉን የሚያሳያችሁ የትኛው እንደሆነ እዩ።

ደረጃ 5፦ ቀለበቶቹን አንብቡ

ብርሃኑ እንደጠፋ ነው። 35 ሴንቲሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙት፣ መጽሐፍ እንደምታነቡበት። የ7 ነጥቡን መስመር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሊ እና ሌ ላይ ካመነታችሁ ስክሪኑ በዚያ መጠን ወድቋል ማለት ነው። ወደ 9፣ ከዚያ ወደ 12 ሂዱ። ሳታመነቱ ያነበባችሁበትን ትንሹን መጠን ጻፉ። የመሣሪያው ውጤት እሱ ነው።

አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አትፍረዱ፤ በቅርብ ሲታይ ሁሉም ስክሪን ሻካራ ነው። መነጽር የምታደርጉ ከሆነም አድርጉ።

ለወላጅ ወይም ለአረጋዊ ነው የምትገዙት? እንግዲያው ራሳቸው ያንብቡት። እሳቸው በ16 ነጥብ የሚያነቡ ከሆነ የ212 እና የ300 ልዩነት ያን ያህል አይታያቸውም። ለእሳቸው የሚሻለው ሰፊ ስክሪን ነው፣ የአማርኛ ቃል ረጅም ስለሆነ በ6 ኢንች ላይ ትልቅ ፊደል በአንድ መስመር ሁለትና ሦስት ቃል ብቻ ነው የሚይዘው። እናንተ በ7 ነጥብ ቀለበት ስትቆጥሩ ለእማማ የሚሆነው መሣሪያ እንዳያመልጣችሁ።

ደረጃ 6፦ ግራጫና ጥላ

ሁለተኛው ገጽ ላይ ሳጥኖቹን ቁጠሩ። ከጨለማው ጫፍ ሁለት ወይም ሦስት ሳጥን ተዋህዶ አንድ ጥቁር ከሆነ ፎቶና ካርታ ያለው መጽሐፍ ላይ ዝርዝሩ ይጠፋል። ልብ ወለድ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ግን ይሄ ብዙም አያሳስባችሁ፣ እለፉት።

ጥላው ግን ያሳስባል። ኢ-ኢንክ የሚሠራው ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶችን በኤሌክትሪክ ወደ ላይና ወደ ታች በማንቀሳቀስ ነው። አንዳንዶቹ ቅንጣቶች ሙሉ በሙሉ ሳይመለሱ ሲቀሩ የቀድሞው ገጽ በአዲሱ ሥር ይታያል።

1. ፔጅ ሪፍሬሹን አሁን አጥፉ። ኮቦ ላይ የማደሻውን ክፍተት አርቁ።
2. ወደ ጥቁሩ ገጽ ሂዱ።
3. ወደ ነጩ ገጽ እለፉ። የቀረ ነገር አለ?
4. ወደ ጽሑፉ ገጽ ተመለሱና እንደገና ወደ ነጩ። የመስመር ቅርጽ ይታያል?
5. ሪፍሬሹን መልሳችሁ ክፈቱና ድገሙ።

ቀለል ያለ ጥላ ካለ ሪፍሬሽ ሲጠፋ፣ የተለመደ ነው። ሪፍሬሽ ተከፍቶም የማይጠፋ ጥላ ካለ መሣሪያውን ሪስታርት አድርጋችሁ አንዴ ሞክሩ። ያኔም ካልጠፋ ችግሩ የስክሪኑ ነው።

ደረጃ 7፦ የፊት ብርሃኑ፣ በጨለማ

ክፍሉን አጨልሙ፣ ነጩን ገጽ ክፈቱ፣ ዓይናችሁ እስኪለምድ ጥቂት ቆዩ። ብርሃኑን መጀመሪያ መሃል ላይ፣ ከዚያ ጫፍ ላይ፣ መጨረሻ ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። ዝቅተኛውን አትናቁት፤ ሌሊት አልጋ ላይ የሚያነብ ሰው የሚኖረው እዚያ ላይ ነው።

እነዚህን ፈልጉ። ከታች ጠርዝ ወደ ላይ የሚወጡ የብርሃን ጨረሮች፦ ኤልኢዲዎቹ ያሉበት ቦታ ነው፣ 4 ብቻ ያላቸው እንደ 2022ቱ ተራ ኪንድል ያሉት ላይ ይበልጥ ይታያል። የቀለም መለያየት፦ አንዱ ወገን ወደ ሮዝ፣ ሌላው ወደ ሰማያዊ ካደላ። የመርፌ ጫፍ የምታክል የምታበራ ነጥብ፦ ሽፋኑ ውስጥ አቧራ ገብቷል ወይም ተጭሯል። አንዴ ካያችኋት በኋላ ዓይናችሁ ከሷ አይነሳም፣ ስለዚህ አዲስ ዕቃ ላይ ከሆነ መልሱት። የሚሞቅ ብርሃን ካለው ሙቀቱን እስከ ጫፍ ወስዳችሁ እንደገና እዩ፤ በነጭ ብርሃን እኩል የነበረ ስክሪን በቢጫው ሊዥጎረጎር ይችላል።

አንድ ነገር ያዙ፦ የፊት ብርሃን በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ ከዕቃ ዕቃ ይለያያል። የጓደኛችሁ ፔፐርዋይት ንጹህ ስለሆነ የእናንተም ይሆናል ማለት አይደለም። የምትፈትሹት የምትገዙትን ዕቃ ራሱን ይሁን።

ደረጃ 8፦ ባለ ቀለም ከሆነ

ካሌይዶ 3 የሚባለው ባለ ቀለም ስክሪን ጥቁርና ነጩን በ300፣ ቀለሙን ግን በ150 ነው የሚያሳየው። ከፊደሉ በላይ የቀለም ማጣሪያ ስላለበት መደቡ ይጠቁራል። ልዩነቱን ለማየት ከሁሉ የሚመቹት ኮቦ ክላራ ቢደብሊው (ጥቁርና ነጩ) እና ክላራ ከለር (ባለ ቀለሙ) ናቸው፤ ሁለቱም የ2024 ናቸው፣ ሁለቱም 6 ኢንች። ደረጃ 4ን በሁለቱ ላይ ሥሩት። ያለ ብርሃን ባለ ቀለሙ በግልጽ ይጨልማል። እንግዲህ ቀን ላይም ብርሃን አብርታችሁ ማንበብ ካልተቸገራችሁ ውሰዱት። የምታነቡት ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ግን በእኔ እምነት ጥቁርና ነጩን ውሰዱ።

ኪንድል ከለርሶፍት በ2024 ሲወጣ መጀመሪያ የተሸጡት ላይ ከስክሪኑ ግርጌ ቢጫ መስመር መታየቱ ይታወቃል፣ በኋላ ተስተካክሏል። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ነጩን ገጽ ከፍታችሁ ግርጌውን በተለይ እዩ።

ደረጃ 9፦ ዕቃው ውጭ ያለ ሰው ጋ ከሆነ

ብዙዎቻችን የምናገኘው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ነው። አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ መመለስ የማይታሰብ ስለሆነ ፍተሻው እዚያው፣ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ መደረግ አለበት። ለዘመድ ሲባል እንዲህ አሳጥሩት፦

1. ፒዲኤፉን አስቀድማችሁ ላኩለት።
2. ከነጭ ወረቀት ጋር፣ መስኮት አጠገብ፣ ብርሃኑ ጠፍቶ አንድ ፎቶ ያንሳ። ወረቀቱ ፎቶው ውስጥ ካለ ካሜራው ምንም ቢያስተካክል እናንተ ማወዳደሪያ አላችሁ።
3. ሁለት ሞዴል ካለ ሁለቱም በአንድ ፎቶ ውስጥ ይሁኑ። ለየብቻ የተነሱ ፎቶዎችን አታወዳድሩ።
4. በጨለማ ነጩን ገጽ ያንሳ። ስልኩ ላይ ስክሪኑን ተጭኖ ይዞ ትኩረቱንና ብርሃኑን ይቆልፍ፣ ከዚያ ብርሃኑን ይቀንስ፤ ካልሆነ ፎቶው ነጭ እሳት ሆኖ ይመጣል።
5. ገጽ እየገለጠ አጭር ቪዲዮ ይላክ።
6. ሊ እና ሌን አንብቦ በድምፅ ይንገራችሁ። ከፎቶ ይልቅ የሰው ዓይን እዚህ ላይ ይታመናል።

ሲጓዝ ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ ስክሪኑ በጠንካራ ነገር ተሸፍኖ፣ ከላዩ ምንም ሳይጫን። የኢ-ኢንክ ስክሪን ከሥሩ ብዙ ጊዜ ቀጭን መስታወት ነው ያለው፤ ሲጫኑት ከውጭ ምንም ሳይታይ ከውስጥ ይሰነጠቃል። እጃችሁ ሲገባ፣ ያመጣላችሁ ሰው ገና ሳይሄድ፣ ጥቁሩንና ነጩን ገጽ ክፈቱ።